የሚያደክመው ብቻን መወሰን ነው

በሬዲዮ፣ በዩቲዩብ፣ በየሆቴሉ አዳራሽ በሚሰጠው የአነቃቂ ንግግር ሥልጠና ሁሉ አንድ ምክር እየተደጋገመ ይሰማል። የሰው አእምሮ እንደ ስልክ ባትሪ ነው፤ ጠዋት ሞልቶ ይነሣል፣ በእያንዳንዱ ውሳኔ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል፣ ማታ ላይ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ኑሮ ሲከብድህ ውሳኔህን ቀንስ ይባላል። የነገውን ልብስ ዛሬ ማታ አውጥተህ ስቀል፣ የሳምንቱን ምግብ እሑድ ጽፈህ ጨርስ፣ ስልክህን ዝጋ፣ «እምቢ» ማለትን ተለማመድ፣ ትልቁን ጉዳይ በማለዳ አጠናቅ። ችግሩ የውሳኔ ድካም ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ራስን በዘዴ ማስተዳደር ነው፤ ምክሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ድካሙ መኖሩን አልክድም። ቀኑን ሙሉ ስትወስን የዋለች ሴት ማታ ልጇ «ነገ ምን ይዤ ልሂድ?» ሲላት እንባ የሚተናነቃት ጊዜ አለ። አሥር ጊዜ የተደወለለትን ስልክ እያየ አንሥቶ መልስ መስጠት የሚያቅተው አባወራ አለ። ይህን ስንፍና ብሎ መጥራት ግፍ ነው። ክርክሬ ከምክንያቱና ከመድኃኒቱ ጋር ነው። በቀን ስንት ጊዜ መረጥህ የሚለው ቁጥር ሰውን አልጋ ላይ አይጥለውም። የሚጥለው ከባዱን ነገር፣ ያውም ለሌሎች ሕይወት የሚተርፈውን ነገር፣ በማይበቃ ገንዘብና በጎደለ መረጃ ብቻውን እንዲወስን መተዉ ነው። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ የሚጠበቀው በዙሪያው ካለነው ከእኛ ነው። ለደከመው ሰው ተጨማሪ የዘዴ ዝርዝር ሰጥቶ መሄድ ሸክሙ ላይ ሸክም መጨመር ነው።

የባትሪው ታሪክ ከየት እንደመጣ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ አሳተሙ። ምግብ ሳይበሉ የመጡ ተማሪዎችን ትኩስ የቸኮላት ብስኩት በሚሸትበት ክፍል አስቀመጡ። ገሚሶቹ ብስኩቱን እንዲበሉ ተፈቀደላቸው፤ ገሚሶቹ ብስኩቱን እያዩ ጥሬ ራዲሽ ብቻ እንዲበሉ ታዘዙ። ከዚያ መፍትሔ የሌለው የሥዕል እንቆቅልሽ ቀረበላቸው። ብስኩት የበሉት 19 ደቂቃ ያህል ታገሉ፤ ራዲሽ የበሉት 8 ደቂቃ አለፍ እንዳለ ተዉት። ራስን የመግዛት አቅም ሲሠሩበት የሚያልቅ ነገር ነው የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሣ፤ ቀጥሎም መምረጥና መወሰን ያንኑ አቅም ይበላል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ባውማይስተር ከጋዜጠኛው ጆን ቲርኒ ጋር የጻፈው መጽሐፍ ሐሳቡን ብዙ አገር አደረሰው። እኛም ዘንድ የደረሰው በዚያው መንገድ ነው።

ሐሳቡ በሰፊው ሲፈተሽ ግን ጥንካሬው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 የ23 ቤተ ሙከራዎች ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት አሠራር ተከትለው ከ2,000 በላይ ሰዎች ላይ ሞከሩት፤ ያገኙት ልዩነት ከዜሮ የሚለይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ 36 ቤተ ሙከራዎች ከ3,500 በላይ ሰዎችን ይዘው እንደገና ፈተሹት። ይህን ሁለተኛውን ጥናት የመሩት የሐሳቡ ተቃዋሚዎች ናቸው እንዳይባል፣ ከፊት የነበረችው ካትሊን ቮስ ለዓመታት ከባውማይስተር ጋር የሠራች ተመራማሪ ናት። የተገኘው ልዩነት እዚህም እጅግ ኢምንት ሆነ። በእነዚህ ውጤቶች ላይ አሁንም የሚከራከሩ አሉ። ሆኖም እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለበትን ነገር እንደ ተረጋገጠ የሰውነት ሕግ አድርጎ ለሕዝብ ማስተማር ተገቢ አይደለም። ሥልጠና ሰጪዎቹ የ1998ቱን ሙከራ ሲጠቅሱ እሰማለሁ፤ የ2016ቱንና የ2021ዱን ሲጠቅሱ ግን አልሰማሁም።

ይበልጥ የሚጠቀሰው የዳኞቹ ጥናት ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ይህ ጥናት በእስራኤል አገር የእስረኞችን የአመክሮ ጥያቄ የሚመለከቱ ስምንት ዳኞች የሰጧቸውን 1,112 ውሳኔዎች መረመረ። ዳኞቹ ጠዋት ሲጀምሩ ከጥያቄዎቹ 65 በመቶ ያህሉን ይቀበሉ ነበር። ወደ ዕረፍት ሰዓት ሲጠጉ ተቀባይነቱ እየወረደ ዜሮ አካባቢ ይደርሳል፤ በልተው ሲመለሱ እንደገና ወደ 65 በመቶ ይወጣል። ሥልጠና ሰጪዎቹ ይህን ሲናገሩ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ዳኛው ደክሞ፣ እስረኛው በዳኛው ረሃብ ምክንያት እስር ቤት ቀረ ማለት ነውና።

በዚያው ዓመት ግን ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ፤ ለመሆኑ የእስረኞቹ ተራ የሚያዘው እንዴት ነው? መልሱ የታሪኩን መልክ ይቀይረዋል። ጠበቃ የሌላቸው እስረኞች አብዛኛውን ጊዜ ከየዕረፍቱ በፊት ባለው መጨረሻ ሰዓት ላይ ነው የሚቀርቡት፤ ጠበቃ የሌለው ሰው ደግሞ በየትኛውም ሰዓት ቢቀርብ የመፈታት ዕድሉ ያነሰ ነው። የዳኛው ድካም ከተባለው ውስጥ ስንቱ የድካም፣ ስንቱ የተራው አያያዝ እንደሆነ ባለሙያዎቹ ይከራከሩበት። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ዓለም ሁሉ ስለ ዳኛው አእምሮ ሲጨነቅ፣ ከፊቱ የቆመው ሰው አጠገቡ ማንም እንደሌለ ለማየት ሌላ ጥናት አስፈለገ። ወረቀቱን የሚያስተካክልለት፣ «ይህን በል፣ ይህን ተው» የሚለው፣ ከእሱ ጋር ቆሞ የሚናገርለት ሰው አልነበረውም።

የፕሬዚዳንት ኦባማም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቫኒቲ ፌር ለተባለው መጽሔት ሲናገሩ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ብቻ እንደሚለብሱ፣ ሌላ የሚወሰን ብዙ ነገር ስላለባቸው ስለሚበሉትና ስለሚለብሱት መወሰን እንደማይፈልጉ ገለጹ። ከዚያ ወዲህ ይህ ታሪክ ሳይነሣበት የሚያልቅ ሥልጠና ያለ አይመስለኝም፤ የስቲቭ ጆብስ ጥቁር ሹራብና የማርክ ዙከርበርግ ግራጫ ቲሸርት ይከተሉታል። ነገር ግን ኦባማን ውሳኔ ያቀለለላቸው ልብሱ ነው ብሎ ማመን ይከብደኛል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ጉዳይ ከዚያ በፊት በብዙ ሰው እጅ አልፎ ነው። አንዱ መረጃ ይሰበስባል፣ ሌላው አማራጩን ይጽፋል፣ ሦስተኛው ሕጉን ያያል፣ ሌሎቹ እፊታቸው ተቀምጠው ይከራከራሉ። ከተወሰነ በኋላም የሚያስፈጽም ሌላ ሠራዊት አለ። የቀኑን ቀጠሮ የሚይዝ ሰው አላቸው፤ የሚበሉትን የሚያበስል ሰው አላቸው። ከዚህ ሁሉ መካከል መርጦ የልብሱን ቀለም ብቻ ለሕዝብ መንገር የነገሩን ልብ መተው ነው። ኦባማ ብቻቸውን አይወስኑም ነበር፤ ከታሪኩ መማር ያለብን ይህን ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር፣ ሁለት ልጅ የምታሳድግ፣ ስኳር ሕመምተኛ እናቷን የምታስታምም ሠራተኛ ሴት እናስብ። እንዲህ ያለች ሴት የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ልብሷ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላውን ትለብሳለች። ቁርሷ ሻይ በዳቦ፣ ምሳዋ ሽሮ ነው። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን የሚበላው ነገር አስቀድሞ የታወቀ ነው። ውሳኔ በመቀነስ ዕረፍት የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ከእሷ የበለጠ ያረፈ ሰው አይኖርም ነበር። አነቃቂው የሚመክራትን ሁሉ ድህነት ቀድሞ አስፈጽሟታል።

እንቅልፍ የሚነሣት ሌላ ነው። በዚህ ወር ደመወዝ የቤት ኪራይ ይቅደም ወይስ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ? ጤፉ ሰርገኛ ይሁን ወይስ ከሩዝ ጋር ተቀላቅሎ ይፈጭ? የእናቷ ኢንሱሊን ከዚህ ፋርማሲ ጠፋ ሲባል ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሌላ ሰፈር ትፈልግ ወይስ እስከ ቅዳሜ በቀረው ትብቃቃ? እቁቡን ታቋርጥ ወይስ ከባልደረባዋ ትበደር? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ወጪዋን አስልታ የጨረሰች ሴት ስሌቷን እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነበረባት። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም ማታ ልብስ አውጥቶ በመስቀል አይቀልም። አንዱም «እምቢ» ተብሎ አይታለፍም፤ እናቷን እምቢ አትል። ደግሞም ከተሳሳተች የምትከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ልጇ ወይም እናቷ። ይህ ፍርሃት ነው ከውሳኔው በፊት አድክሞ ከውሳኔውም በኋላ የማይለቃት።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ሁለት ጊዜ ፈትኗል፤ አንዴ አዝመራው ሳይሰበሰብ እጃቸው ባጠረበት ጊዜ፣ አንዴ ሰብስበው ገንዘብ ከያዙ በኋላ። ያው ገበሬ ከአዝመራው በፊት በማሰብ ፈተናዎቹ ዝቅ ያለ ውጤት አመጣ፤ ከአዝመራው በኋላ ተሻለው። ሰውየው ያው ነው። ዘዴም አልተማረም። ጎታው ውስጥ ያለው ነገር ነው የተለወጠው። በሐምሌና በነሐሴ የእህል መጨረሻዋን እየሰፈረች፣ ዘር ላስቀር ወይስ ልጆቹን ላብላ እያለች የምትብሰለሰል የአገራችን ገበሬ ይህን ለመረዳት ታሚል ናዱ ድረስ መሄድ አያስፈልጋትም።

እዚህ ላይ ራሳችንንም የምንወቅስበት ነገር አለ። ለደከመ ሰው አክብሮት እያሳየን የሚመስለን ንግግር አለን፤ «አንቺ ያልሽው ይሁን።» ሪያድ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ፣ ወይም ሜሪላንድ ሁለት ሥራ የምትሠራ እህት ለቤተሰቧ ስትደውል የምትሰማው ይህንኑ ነው። የአባትየው ሕክምና እዚሁ ይቀጥል ወይስ አዲስ አበባ ይምጣ? አንቺ ያልሽው ይሁን። ወንድምየው ኮሌጅ ይግባ ወይስ ሥራ ይጀምር? አንቺ እንዳልሽ። ጣሪያው ይጠገን ወይስ ቤቱ ይፍረስ? አንቺ ታውቂያለሽ። ገንዘቡን የምትልከው እሷ ስለሆነች የመወሰን ክብሩም የእሷ ነው ብለን እናስባለን። ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ግንበኛው ስንት እንደጠየቀ፣ ወንድሟ በልቡ ምን እንደሚፈልግ ግን አጣርቶ የሚነግራት የለም። እሷ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በአሠሪዋ ሰዓት እየተሰረቀች በምታወራበት ስልክ፣ ያላየችውን በሽታ ትወስናለች። ነገሩ ከከፋ ደግሞ «አንቺ ነሽ ያልሽው» ይባላል። ይህን አክብሮት ልለው አልችልም። ፍርዱን ለእሷ ጥሎ ከተጠያቂነት መሸሽ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ክፉ ሳያስብ ያደርገዋል፤ የምታለቅሰው ግን እሷው ናት።

«የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውዪልኝ» የሚለውም ቸርነት ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ተናጋሪው ከልቡ ነው። ሆኖም ያቺ ሴት አሁን ምን እንደሚያስፈልጋት ማሰብ፣ ከማን መጠየቅ እንደሚቀል መምረጥ፣ ደውሎ መለመን፣ ከዚያ ውለታውን ማስታወስ ሊኖርባት ነው። አራት አዲስ ሥራ ተጨመረላት። «ቅዳሜ ልጆቹን እኔ ወስጄ አውላቸዋለሁ» ያለው ግን አንድ ቀን ከነሐሳቡ አነሣላት።

እድርን የምወደው ለዚህ ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ የተሰበረን ሰው ከውሳኔ የሚያሳርፍ ከእድር የተሻለ ሥርዓት የለንም፤ ሌላ አገርም በቀላሉ አይገኝም። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ድስትና ብርጭቆው ከእድሩ ቤት ይወጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ሐዘንተኛዋን «ድንኳኑ የት ይሁን? እንጀራ ስንት ይጋገር? ለሠልስት ማን ይጠራ?» የሚላት የለም። መጠኑ በመተዳደሪያ ደንቡ ተጽፏል፤ ተረኛው በመዝገብ ታውቋል፤ የቀረ አባል ይቀጣል። ገንዘቡም በየወሩ ሲዋጣ ስለከረመ ማንም እጇን አይጠብቅም። ጎረቤት እራት ይዞ ይመጣል፤ ምን እንደምትወድ ሳይጠይቅ አቅርቦ፣ እምቢ ስትል በግድ አጉርሶ ይሄዳል። የሰው አእምሮ ምንም መወሰን በማይችልበት ሰዓት እንዳይወስን የሚያደርግ ነገር፣ ሰዎች ረጋ ባሉበት ጊዜ ተቀምጠው አስቀድመው ወስነውለታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው አባባል ሥራ ላይ ውሎ የሚታየው እዚያ ድንኳን ሥር ነው።

ጾምም እንዲሁ ነው። ውሳኔ ቀንሱ የሚሉት ሰዎች የጾምን ሥርዓት ለራሳቸው ማስረጃ ሊያደርጉት ይሞክራሉ፤ የሚበላው ከታወቀ አእምሮ ያርፋል ይላሉ። ዕረፍቱ አለ። ምንጩ ግን ሰፈሩ ሁሉ አብሮ መጾሙ ነው። ምግብ ቤቱ የጾም ምግብ ይሠራል፣ መሥሪያ ቤቱ ያውቀዋል፣ በረመዳን የሙስሊም ጎረቤት ሰዓት ሲለወጥ ሰፈሩ ከእሱ ጋር ይለወጣል። ማንም ለብቻው ተነሥቶ ለምን እንዲህ እንደሆነ ማስረዳት የለበትም። ያንኑ ነገር አንድ ሰው ለብቻው በወረቀት ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ቢለጥፈው ሳምንት አይቆይም።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል፤ ልሸሸው አልፈልግም። «ይህ የምትለው ሌሎች የሚወስኑበት ኑሮ ስንቱን ሰው አጥፍቷል» የሚሉኝ አሉ። ትክክል ናቸው። ሽማግሌ ተሰብስቦ ያልፈቀደችውን ባል የሰጣት ሴት አለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ ነበር፤ ይህን የለወጠው በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ያ ሕግ ለሁለቱም ጋብቻቸውንና ሀብታቸውን በእኩል የማስተዳደር መብት ሰጠ። ያን መብት ለማግኘት የታገሉ ሴቶች ድካማቸውን «ቤተሰብ ይወስንልሽ» ብሎ የሚመልስ ሰው ቢመጣ ሊያባርሩት ይገባል። እኔም አብሬአቸው ነኝ።

ነገር ግን አንድ ውሳኔ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ «ይሁን» ወይም «አይሁን» የማለት ሥልጣን ነው። ሌላው እዚያ እስኪደረስ ያለው ልፋትና ከዚያ በኋላ ያለው ተጠያቂነት ነው፤ ማጣራቱ፣ መደወሉ፣ ዋጋ ማወዳደሩ፣ ተራ መጠበቁ፣ ቀኑን ማስታወሱ፣ ቢበላሽስ እያሉ ሌሊቱን መገላበጡ። ሥልጣኗ የራሷ ይሁን፤ ልፋቱ ይከፋፈል። በብዙ ቤት ያለው ግን ተገላቢጦሹ ነው። እሷ ትምህርት ቤቱን ታጣራለች፣ ክፍያውን ታወዳድራለች፣ ርእሰ መምህሩን ታነጋግራለች፣ ማታ ጠቅልላ ታቀርባለች፤ እሱ ራቱን እየበላ «አይ፣ እዚያኛው ይሻላል» ይላል። ልፋቱ የእሷ፣ ሥልጣኑ የእሱ። ይህችን ሴት ውሳኔ አብዝተሽ ነው የደከምሽው ማለት ሐሰት ነው፤ አንድም ውሳኔ አልተሰጣትም።

ውሳኔን አስቀድሞ በጋራ ማቅለል መንግሥትም የሚችለው ሥራ ነው፤ ማድረጉም ታይቷል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምን እንዳደረገ እንመልከት። ድሮ ልጅ ሲያተኩሰው ገበሬው «ልውሰደው ወይስ እስከ ነገ ልየው? በጉን ልሽጥ?» ብሎ በሌሊት የሚወስነውን ነገር፣ በዓመት አንዴ መዋጮ ሲከፈል፣ በደህናው ቀን፣ ከጎረቤት ጋር እንዲወሰን አደረገው። የመድኃኒት እጥረት፣ ወረፋ፣ ሌላም ጉድለት አለበት፤ አሠራሩ ግን ትክክለኛውን ቦታ ይነካል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ሲደነግግ፣ ተከራይን በየወሩ «ልውጣ ወይስ የጨመረብኝን ልክፈል» ከሚል ጭንቀት ለማሳረፍ ነው፤ በሥራ ላይ ሲውል ማለቴ ነው። በአንጻሩ ምን ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ በአንድ ጊዜ ሳይነግር ባለጉዳይን በየቀኑ አንድ ወረቀት እያስመጣ የሚመልስ ቢሮ ሰው ያደክማል። «ነገ ተመለሺ» የተባለች ሴት በእያንዳንዱ ነገ ፈቃድ ልጠይቅ ወይስ ልቅር፣ የትራንስፖርቱን ገንዘብ ከየት ላምጣ፣ ልጁን ለማን ልተው ብላ እንደ አዲስ ትወስናለች። ዝርዝሩን በር ላይ በትልቁ መለጠፍ ለዚያች ሴት ከአንድ ወር የሥነ ልቦና ሥልጠና ይበልጣታል።

የእድሩን ነገር ጨርሼ ልናገር፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ድንኳኑ በሠልስት ይነሣል። ከዚያ በኋላ ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ትቀራለች፤ እውነተኛው የውሳኔ ወቅት ግን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። የሞት የምስክር ወረቀት ማውጣት አለባት። ባንክ ያለውን ገንዘብ ለማውጣት የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያስፈልጋታል፤ ለዚያ ምስክር ትፈልጋለች። የጡረታ ጉዳይ አለ። የቤቱ ስም ዝውውር አለ። የባሏ ዘመዶች ስለ ንብረቱ የሚያነሡት ጥያቄ አለ። እንቅልፍ ባጣች፣ ሰውነቷ ባለቀ፣ የቤቱ ገቢ በተቋረጠ ሰዓት ይህን ሁሉ የትኛው ይቅደም ብላ ትወስናለች። ለቀብር አንድ መቶ ሰው የሚያሰልፍ ማኅበር፣ ለፍርድ ቤት አንድ ሰው አይመድብም።

አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች በኤች አይ ቪ ዘመን ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችንና ታማሚዎችን መደገፍ ጀምረው ነበር። ስለዚህ የእድር ሥራ ከቀብር አያልፍም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። ሞት በደረሰበት ቤት ሁለት አባላት እስከ አርባው ቀን ድረስ ይመደቡ፤ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ያጣሩ፣ ወረፋውን ይያዙ፣ ቀጠሮውን ያስታውሱ፣ ቢሮ ለቢሮ አብረው ይሂዱ፤ ፊርማውና የመጨረሻው ቃል የሐዘንተኛዋ ይሁን። «ገመናችን ይወጣል» የሚል ሰው ይኖራል፤ ስጋቱ ተገቢ ስለሆነ ሁለቱን ሰዎች ቤተሰቡ ራሱ ይምረጣቸው፣ የማይፈልግ ቤትም እምቢ የማለት መብት ይኑረው። ወጪው የትራንስፖርትና የፎቶ ኮፒ ነው፤ ከቀሪ አባላት የሚሰበሰበው ቅጣት ሊሸፍነው ይችላል። ሰውም አይጠፋም። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ የቀድሞ የባንክ ሠራተኞች፣ በመዝገብ ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጸሐፊዎች በየእድሩ አሉ። የትኛው ጉዳይ በየትኛው መስኮት እንደሚያልቅ ያውቃሉ፤ ጉባኤው በዚያው ቀን ስማቸውን ይመዝግብ።